የመተማ ሕመምና የከተማ ሐኪም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእርሻ መሬት ክርክር ምክንያት መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር፡፡ ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነው፡፡ ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት «ሳሉግ» (ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በአካባቢው የሚጠራበት ስም ነው) ከሱቅ የገዛውን ሁለት እንክብል ዋጠ፡፡ ሐኪም ቤት ለምን እንዳልሄደ ጠየቅሁት፡፡

«መንገድ ላይ አንዱ ጋ ገብቼ ነበር ጋሼ፤ ካርድ ክፍል ሕመሜን ሰው ፊት ጮኸው ጠየቁኝ፤ ጥዬ ወጣሁ» አለኝ፡፡

ለመሆኑ የዚህ ወጣት ሐኪም ማነው? በአገራችን የአባላዘር በሽታ ስፔሻሊስትነት ከቆዳ ሕክምና ጋር አንድ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ነው፡፡ ቂጥኝ በቆዳ ላይ ስለሚወጣ ጥምረቱ ከአውሮፓ የመጣ የቆየ ልማድ ነው፡፡ እንግሊዞች ግን በ1916 እ.ኤ.አ. ሕክምናው በነፃና በምስጢር እንዲሰጥ ደነገጉ፤ በዚያው መሠረት ራሱን የቻለ ሙያ አደገ፡፡

ስፔሻሊስቶቻችን በአብዛኛው ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው፡፡ በቆላው ሕመምተኛውን የሚያዩት ጤና መኮንንና ነርስ ናቸው፤ የሚያክሙትም በምልክት ነው፡፡ ፈሳሽ ካለ ለጨብጥም ለክላሚዲያም፣ ቁስል ካለ ለቂጥኝም ለከርክርም መድኃኒት ይሰጣል፡፡ ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፡፡ ሆኖም ሁለት ጉድለት አለው፡፡ አንደኛ፣ ምልክት የማያሳዩትን፣ በተለይም ብዙ ሴቶችን፣ ያልፋቸዋል፡፡ ሁለተኛ፣ ጨብጥ መድኃኒት ይለምዳል፡፡ ቀድሞ ያድን የነበረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ዛሬ በብዙ አገሮች አይሠራም፡፡ ይህን የሚደርስበት ተህዋሲውን አሳድጎ የሚመረምር ላቦራቶሪና ውጤቱን የሚከታተል ባለሙያ ነው፡፡

እንግዲህ የስፔሻሊስቱ ሥራ እያንዳንዱን ሳሉግ ማየት ሳይሆን ነርሱን ማስተማርና የሚሰጠውን መድኃኒት መፈተሽ ነው፡፡ ለዚህም ጎንደር ባዳ አይደለችም፡፡ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሰማራ ነበር ያሰለጠነው፡፡ በቆላው የጉልበት ሠራተኞችን ለሚያጠቃው ካላዛርም ዩኒቨርሲቲው የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፡፡ ሰላም ሲፈቅድ፣ በስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ ሐኪም አንድ የአጨዳ ወቅት መተማ ቢሠራ ምን ይከብዳል?

ወደ ወጣቱ ልመለስ፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 እኛን ጠበቆችንም፣ ሐኪሙንም፣ ነርሷንም በሥራ ያወቅነውን ምስጢር እንድንጠብቅ ያስገድዳል፡፡ ቅጣቱ ግን የሚመጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው፡፡ ሕመሙ ተሰማብኝ ብሎ ጥሎ የወጣ ሰው፣ ያንኑ ሕመም ሊናገር ፍርድ ቤት ይቆማል? አይቆምም፡፡ ስለዚህ ከአንቀጹ ይልቅ ሥልጠናው ይቅደም፤ ሥልጠናውም ከካርድ ክፍሉ ይጀምር፡፡