የቅንጦት ስቴሽን ዋገንና የሞተሩ ምርጫ

እስከ 1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ጀርመን ስቴሽን ዋገን ማለት በአብዛኛው የሥራ መኪና ማለት ነበር። ቀለም ቀቢው መሰላሉንና ባልዲውን፣ ሥጋ ሻጩ ሣጥኑን፣ የቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ይጭንበታል፤ እሑድ ሲሆን ደግሞ ታጥቦ ቤተሰብ ይሳፈርበታል። ሐኪሙ፣ ጠበቃው ወይም የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ግን የሚጭነው ዕቃ እንኳ ቢኖረው በሴዳን መሄዱን ይመርጥ ነበር። የመኪናው ጀርባ በረዘመ ቁጥር የባለቤቱ ማዕርግ የሚያጥር ይመስል ነበርና።

ዳይምለር ቤንዝ የተባለው ታላቅ ኩባንያ በዚህ ረገድ ከሕዝቡ አስተያየት የራቀ አልነበረም። የመርሴዲስ ስቴሽን ዋገን ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ፊቱን ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ አካል ሠሪ ድርጅቶች ያዞር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ «ዩኒቨርሳል» በሚል ስም ለገበያ የቀረበው መኪና እንኳ አካሉ የተሠራው አይ ኤም ኤ በተባለ የቤልጂግ ድርጅት ነው። ቢንዝን የመሳሰሉት የጀርመን ድርጅቶች ደግሞ በመርሴዲስ ሻንሲ ላይ አምቡላንስና የሬሳ መኪና ያበጁ ነበር። እንግዲህ ባለሦስት ጫፍ ኮከብ ያለበት ረጅም ጀርባ ሲታይ ለብዙ ጀርመናዊ በአእምሮው የሚመጣው በሽተኛ ወይም ሬሳ ነበር ቢባል፣ ነገሩ ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በመስከረም 1977 በፍራንክፈርት የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ነው። ኩባንያው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ያወጣውን 123 የተባለ ሴዳን መሠረት በማድረግ፣ በራሱ መሐንዲሶች የተነደፈና በራሱ ፋብሪካ የሚሠራ ስቴሽን ዋገን አቀረበ። «ኮምቢ» የሚለውን የተለመደ ስም ግን አልሰጠውም። «ቱሪዝምና ትራንስፖርት» ለማለት «ቲ» የሚል ፊደል ብቻ ጨመረለት። ትራንስፖርት ከቱሪዝም በኋላ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ሥራው የተመደበው ከሽቱትጋርት አካባቢ ርቆ በሰሜን ለሚገኘው ለብሬመን ፋብሪካ ሲሆን፣ ምርቱ በ1978 ጸደይ ተጀመረ። ብሬመን ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አልነበረችም። በዚሁ ሥፍራ የቦርግቫርድ ኩባንያ በ1961 እስኪወድቅ ድረስ ኢዛቤላ የተባለች የታወቀች መኪና ይሠራ ነበር፤ ኢዛቤላም ስቴሽን ዋገን ነበራት። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በሐኖማግ እጅ አልፎ ለዳይምለር ቤንዝ ደረሰና ቀላል የጭነት መኪናዎች ይሠሩበት ጀመር። የ«ቲ» መምጣት ከተማዋን ወደ ቤት መኪና ሥራ መልሷታል።

መሐንዲሶቹ የገጠማቸው የመጀመሪያው ችግር የጭነቱ ነበር። መኪናው ባዶውን 1,500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሰውና ዕቃ ሲጨመርበት ደግሞ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሸከም ይጠበቅበታል። የተለመደው መፍትሔ የኋላውን ሞላ ማጠንከር ነበር። ሞላው ሲጠነክር ግን መኪናው ባዶውን በሚሄድበት ጊዜ ተሳፋሪውን እንደ በቅሎ ያንገላታዋል፤ እንዲህ ያለውን መኪና የቅንጦት ብሎ መሸጥ አይቻልም። ሞላው ከለሰለሰ ደግሞ መኪናው ሲጫን ጀርባው ይረግጣል፤ የፊት መብራቱም ከመንገዱ ይልቅ ዛፉን ማብራት ይጀምራል። ስለዚህ በሞተሩ ኃይል የሚሠራ የዘይት ፓምፕ፣ ከፍታውን የሚቆጣጠር ቫልቭና ናይትሮጂን ጋዝ የታመቀባቸው ሉል ዕቃዎች ከኋላ ተገጠሙ። ጭነቱ ሲበዛ ቫልቩ ዘይት እየላከ ጀርባውን ወደ ቦታው ያነሣዋል፤ ሲራገፍም ዘይቱ ይመለሳል። ይህ መሣሪያ ገንዘብ ለጨመረ ደንበኛ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም፤ ርካሹን ሞተር የመረጠውም ውድ የሆነውን የመረጠውም እኩል ያገኙት ነበር። የመኪናው ክብር ከሁሉም በላይ ያረፈው በዚህ ከወለሉ ሥር በማይታይ ዕቃ ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለገዢው ምርጫ የተተወ ነበር። ሌሎች ፋብሪካዎች መኪናቸውን ተራ፣ የተሻለና የላቀ እያሉ በደረጃ ከፋፍለው፣ ለየደረጃውም ስም አውጥተው ሲሸጡ፣ በመርሴዲስ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም። ገዢው ሞተሩን ይመርጣል፤ ቀጥሎም ረጅም የዕቃ ዝርዝር ይቀርብለታል። የቆዳ ወንበር፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት መስኮት፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ለሕፃናት የሚሆን ወደ ኋላ የዞረ ሦስተኛ ወንበር፣ ከ1980 ጀምሮ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ዋጋ አለው። በ240 ዲዝል ላይ ቆዳ ማስለበስ፣ ወይም ባለስድስቱን ሲሊንደር ሞተር ገዝቶ መስኮቱን በእጅ እያዞሩ መክፈት ይቻል ነበር። ከውጭ ሲታይ ማዕርግን የሚገልጠው ምልክት ጥቂት ነው፤ እስከ 1982 ድረስ የ280ው የፊት መብራት በሰፊ አራት ማዕዘን መስተዋት የተሸፈነ ሲሆን፣ የአነስተኛዎቹ ሞተሮች መብራት ግን ክብ ነበር። በኋላ በር ላይ የሚለጠፈውን የሞዴል ቁጥር የማይፈልግ ደንበኛም እንዲቀርለት ማዘዝ ይችል ነበር። በዚህ ዕድል የተጠቀመው ትልቁን ሞተር ከጎረቤት የሚደብቀው ነው ወይስ ትንሹን? መልሱ ለአንባቢ ይተዋል።

እውነተኛው ጥያቄ ግን የሞተሩ ነበር። በዲዝል በኩል 65 የፈረስ ጉልበት ያለው 240 ቲዲና 80 የፈረስ ጉልበት ያለው 300 ቲዲ፣ በቤንዚን በኩል 230 ቲ፣ 250 ቲ እና በቤንዚን መርጫ የሚሠራው 280 ቲኢ ቀረቡ። የመጨረሻው ከ1978 ጀምሮ 185 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህን ሒሳብ በክብደት መንዝሮ ማየት ይጠቅማል። ሙሉ ጭነቱን ይዞ 2,000 ኪሎ ግራም የደረሰ 240 ቲዲ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 31 ኪሎ ግራም ያህል ይጎትታል፤ 280 ቲኢ ግን 11 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። አንዱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲከንፍ፣ ሌላው በአውራ ጎዳናው ቀኝ መስመር ከከባድ መኪናዎች ጋር ተሰልፎ ዳገቱን በትዕግሥት ይወጣል። የሁለቱም አካል፣ የሁለቱም በር፣ የሁለቱም የኋላ ዘይት አንድ ነው።

ታዲያ በ65 የፈረስ ጉልበት የሚጎተተውን የቅንጦት መኪና ማን ይገዛዋል? ብዙ ሰው ገዝቶታል። ኩባንያው በ1936 ባወጣው 260 ዲ በተከታታይ የተመረተ የመጀመሪያውን የዲዝል የቤት መኪና ለዓለም ካቀረበ ወዲህ፣ የናፍጣ ሞተርን ዕድሜና ቁጠባ አጥብቆ የሚያምን ደንበኛ አፍርቷል። ይህ ደንበኛ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ማሞቂያ ካንዴላው እስኪግል ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ጀርመኖችም ይህችን ጊዜ «ለሩዶልፍ ዲዝል መታሰቢያ የሚደረግ የኅሊና ጸሎት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። መቸኮል የሚባለውን ነገር ትቶ፣ በምትኩ መኪናውን ለልጁ ለማውረስ የሚያስብ ሰው ነው። ለእርሱ ቅንጦት ማለት ፍጥነት ሳይሆን አለመበላሸት ነበር።

300 ቲዲ የመጣበትም መንገድ የሚያስደንቅ ነው። ኩባንያው በ1974 ከአራቱ ሲሊንደሮች ላይ አንድ ጨምሮ ባለአምስት ሲሊንደር ዲዝል በቤት መኪና ላይ የመጀመሪያው ሆኖ አቀረበ። የ240ው አራት ሲሊንደሮች በጠቅላላው 2,404 ሲሲ ናቸው፤ ለአንዱ 601 ይደርሰዋል። በአምስት ሲባዛ 3,005 ሲሲ ይሆናል፤ የአዲሱም ሞተር ይዘት ይኸው ነው። አራቱን ሲሊንደሮች ማስፋት ንዝረቱን ያባብሰው ነበር፤ ስድስት ማድረግ ደግሞ ሞተሩን ያስረዝመዋል። አምስት የሚለው ቁጥር ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል የተገኘ ስምምነት ነው።

ይህም ሆኖ በ80፣ ከ1979 ጀምሮም በ88 የፈረስ ጉልበት የተጫነ መኪናን ተራራ ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ፈጣን የሚፈልገው ቤንዚን፣ ቆጣቢ የሚፈልገው ናፍጣ እየገዛ፣ ሁለቱን ባንድነት የሚሻው ግን ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። መልሱ የመጣው ከውድድር ሜዳ ነው። በ1976 ሲ 111 የተባለው የሙከራ መኪና በኢጣልያ አገር በናርዶ መንገድ ላይ፣ ቱርቦ በተጨመረለት በዚሁ ባለአምስት ሲሊንደር ሞተር 190 የፈረስ ጉልበት አግኝቶ በአማካይ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት እየሮጠ ብዙ የዓለም ሬኮርዶችን ሰበረ።

ለገበያ የሚሆነው ግን እንዲህ የሚቸኩል አልነበረም። በ1980 መኸር የቀረበው 300 ቲዲ ቱርቦዲዝል 125 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቱርቦው የሚሠራው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት ነው፤ ጭሱ አንዱን ተርባይን ሲያሽከረክር፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው መጭመቂያ ወደ ሲሊንደሮቹ ብዙ አየር ያስገባል። አየር ከበዛ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ፒስተኖቹ ከሥራቸው በሚረጭ ዘይት እንዲቀዘቅዙ፣ የጭስ ማስወጫ ቫልቮቹም ውስጣቸው በሶዲየም እንዲሞላ ተደረገ። የማሽከርከር ኃይሉ ከ172 ወደ 250 ኒውተን ሜትር አደገ፤ የታላቁ ቤንዚን ሞተር የ280ው እንኳ 240 ነው። ፍጥነቱ ከ165 ኪሎ ሜትር አላለፈም፤ ዳገት ላይ ግን ናፍጣ የሚጠጣው መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከፍታ ላይ ለሚኖር መሐንዲስ የዚህ መሣሪያ ጥቅም ከዚህም ይበልጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ዲዝል በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል፤ የናፍጣው ፓምፕም ካልተስተካከለለት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቱርቦው የጎደለውን አየር በከፊል ይተካለታል። የኦስትሪያው የግሮስግሎክነር መንገድ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ አውሮፓዊው ነጂ ይህን በዕረፍቱ ሰሞን ቀምሶት ይሆናል፤ የእኛ ነጂ ግን በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ እየወጣ የዘወትር ትምህርቱ አድርጎታል።

በቤንዚኑ በኩል ምርጫው ቶሎ ተቋጨ። 250 ቲ በስድስት ሲሊንደርና በካርቡራተር 140 የፈረስ ጉልበት እስከ መስጠት ሲደርስ፣ በ1980 የመጣው 230 ቲኢ በአራት ሲሊንደርና በቤንዚን መርጫ 136 ሰጠ። ሁለት ሲሊንደር ለአራት ፈረስ የሚመግብ ገዢ አልተገኘም፤ 250 ቲ በ1982 ተቋረጠ፣ የተሠራውም 7,704 ብቻ ነው። ወደ አሜሪካ ደግሞ ከቤንዚኖቹ አንዱም አልተላከም። በ1975 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚሸጣቸው መኪናዎች በአማካይ የሚፈጁትን ነዳጅ ስለ ወሰነ፣ አሜሪካዊው ባለጸጋ የነበረው ምርጫ 300 ቲዲ፣ በኋላም ያው ከነቱርቦው ብቻ ነበር። ምርጫ የሌለው ሰው መርጦ እንደ ገዛ መኪናውን ወደደው።

የ«ቲ» ምርት በጥር 1986 ሲያበቃ በጠቅላላው 199,517 መኪናዎች ተሠርተው ነበር። ከእነዚህ መካከል 103,996ቱ፣ ማለት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት፣ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ ታላቁ 280 ቲኢ ግን 19,789 ብቻ ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው ቱርቦዲዝል 28,219 ደርሷል። ይህ ሞተር በ123 ሴዳን ላይ ለአሜሪካ ሲሸጥ በአውሮፓ ግን ለሴዳን አልተሰጠም፤ ለስቴሽን ዋገኑ ብቻ የተቀመጠ ነበር። ከቦን ወይም ከሚዩኒክ ከተሞች አንድ ባለሥልጣን የዲዝል ቱርቦ ቢፈልግ፣ ቀለም ቀቢው መሰላል ይጭንበት የነበረውን ዓይነት ረጅም ጀርባ አብሮ መግዛት ነበረበት። የአውሮፓው ሴዳን ገዢ ያንኑ ዕድል ያገኘው ቀጣዩ 124 ከመጣ በኋላ ነው።