ከትከሻ ወደ ዘይት ግፊት፤ ሸክምና መሣሪያ በጅቡቲ ወደብ

የጅቡቲ ወደብ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስተምረው ስለ ባቡሩ ነው። የሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ዳሩ ግን ዕቃውን ከመርከብ አንሥቶ ፉርጎ ላይ የሚጭነው ምን ዓይነት ኃይል እንደ ነበረ አንጠይቅም።

በመጀመሪያ ኃይሉ የወዛደሩ ትከሻ ነበር። ቀስ በቀስ ክሬንና ፎርክሊፍት ተጨመሩ፤ በ1985 የኮንቴይነር ማራገፊያ ተከፈተ። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ማለፍ ጀመረ። ስለዚህ በዚያ የአንድ መሣሪያ መቆም በሩቅ አገር ስንዴ ለሚጠብቅ ሰው ጭምር ጉዳይ ነው።

የመሣሪያው ምስጢር ግን ከወደቡ ይቀድማል። ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚተላለፍ አስረዳ። እንግሊዛዊው ብራማ በ1795 በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የ10 ኪሎ ኃይል ብናሳርፍ፣ በ100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1000 ኪሎ ያነሣል፤ ነገር ግን ትልቁ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 100 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት።

በኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ባትሪው ሞተሩን፣ ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በቫልቭ አሳልፎ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ብልሽቱም የሚፈለገው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ሞተሩ ከደከመ ባትሪውንና ሽቦውን እንመርምር። ሞተሩ እየዞረ ሹካው ካልተነሣ፣ የዘይቱን መጠን፣ ማጣሪያውን፣ ቀጥሎም የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ እንይ። እየተንቀጠቀጠ ከተነሣ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከተነሣ በኋላ በራሱ ከወረደ በሲሊንደሩ ወይም በቫልቩ ውስጥ ዘይት ያመልጣል ማለት ነው። እንደ ጅቡቲ ባለ ሐሩር ደግሞ ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ በጠዋት ያልታየ ድካም ከቀትር በኋላ ይገለጣል። ከምርመራው በፊት ሹካውን መሬት ማሳረፍና ቁልፉን መንቀል ያሻል፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ስለሚበሳ ፍሳሽን በባዶ እጅ መፈለግ ክልክል ነው።

ይህንን ለማሳየት ሁለት መርፌ አልባ ሲሪንጆችና አንድ ቀጭን ቱቦ ይበቃሉ። በውሃ ሞልተን አንዱን ስንገፋ ሌላው ወዲያው ይነሣል፤ ጥቂት አየር ከገባ ግን ይለግማል። ተማሪው ይህን በእጁ ሲዳስስ ምክንያትን ደረጃ በደረጃ መፈለግን ይማራል። ለታሪክ ትምህርትም የሚያስፈልገው ይኸው ልማድ ነው።