ጥላና ትምህርት ቤት፦ ልጆችን ከፀሐይ ስለ መጠበቅ ከግሽ ዓባይ አካባቢ የተነሣ የታሪክ ቅኝት

መግቢያ

በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት በግሽ ዓባይ ሜዳ ቀትር ላይ የቆመ ሰው ጥላውን ቢፈልግ ከእግሩ ሥር በቀር አያገኘውም። ፀሐይ በዚያ ሰሞን በአናቱ ትክክል ታልፋለችና። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ዓባይ ምንጭ የደረሰው በዚሁ ወራት ነበር፤ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር አፕሪል 21 ቀን 1618 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በኖቬምበር 1770 እዚያው ደርሷል። የሁለቱም ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ከውሃው ጋር ነው። የዚህ ጽሑፍ ርእስ ግን ውሃው ሳይሆን ከበላዩ ያለው ፀሐይ፣ በተለይም በዚያ ፀሐይ ሥር ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ነው።

እንደሚታወቀው የፍኖተ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለሆነም ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ፀሐዩ የለዘበ መሆኑን አያመለክትም። ብርዱ ሰውን ያዘናጋዋል እንጂ ጨረሩን አያግደውም።

ጥላ በማዕረግ

በአገራችን ከፀሐይ መከለል አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ጥላ ለሁሉ እኩል የተዳረሰ አልነበረም። «ጃንጥላ» የሚለው ቃል ራሱ «ጃንሆይ» በሚለው ውስጥ ከሚገኘው የንጉሥነት ቃልና «ጥላ» ከሚለው የተጣመረ ነው፤ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። ጃንጥላና ድባብ ለዘመናት የታቦት፣ የነገሥታትና የመኳንንት ክብር ምልክት ሆነው ኖረዋል። ገበሬው በነጠላውና በጋቢው ይከናነባል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ይዞራል። እረኛው ለዝናቡ ገሳ ቢኖረውም፣ ለበጋው ፀሐይ ያለው የዋርካና የዋንዛ ጥላ ብቻ ነበር። ጥቁሩ የጨርቅ ጃንጥላ በየገበያው ተዘርግቶ የማንኛውም መንገደኛ ዕቃ የሆነው በቅርቡ ዘመን ነው። እስከ ዛሬም ቢሆን በገጠር መንገድ ላይ ጃንጥላውን ይዞ የሚታየው በአብዛኛው አዋቂው ነው፤ ከኋላው የሚከተለው ልጅ ራሱን ገልጦ ይሄዳል።

ምች

የኅብረተሰቡ የቆየ ዕውቀትም ሊናቅ አይገባውም። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው በትኩሳትና በራስ ምታት ሲያዝ፣ ከንፈሩም ሲቆስል፣ «ምች መታው» ይባላል። እናቶችም ዳማከሴ ጨምቀው ይቀቡታል፤ ያሸቱታል። የዛሬው ሕክምና የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ መሆኑን ያስረዳል። ይሁን እንጂ ይህን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ብርቱ ፀሐይ ነው። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት በሌላ ቋንቋ ቢነገርም፣ ፀሐይና ቁስል መያያዛቸውን እናቶች አስተውለው ነበር ማለት ነው። ስለ ፀሐይ የሚያስተምር መምህር ከዚህ ከሚታወቀው ቢነሣ ትምህርቱ ባዕድ አይሆንም።

ፀሐይን ማሞቅ

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ የጤና ባለሙያዎች ለወላጆች ሲያስተምሩ የኖሩት ከፀሐይ መሸሽን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው። ዓይነ ጥላንና ምችን በመፍራት ተሸፍኖ በቤት ውስጥ የሚያድግ ሕፃን ቪታሚን ዲ ያጣል፤ አጥንቱም ይለሰልሳል። ይህ ሪኬትስ የተባለው በሽታ የሚያስከትለው ጉዳት በእግር መንጋደድ ብቻ እንደማያበቃ ያሳየው በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት ነው። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ የሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል በ210ሩ ላይ ሪኬትስ ተገኝቷል። የሳምባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን የተገኘው በ20ዎቹ ላይ ብቻ ነበር። «ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ አሙቂው» የሚለው ምክር እንግዲህ ብዙ ሕይወት የሚያድን ምክር ነው።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው ከውጭ የሚመጣ ትምህርት እንዳለ ሊገለበጥ እንደማይገባው ለማሳየት ነው። ለምሳሌ በአውስትራሊያ በ1981 የተጀመረው ዘመቻ ልብስ መልበስን፣ ቅባት መቀባትንና ኮፍያ መድፋትን ለሕዝቡ በሙሉ አስተምሯል። በብዙ ትምህርት ቤቶችም ኮፍያ የሌለው ልጅ በሜዳ እንዳይጫወት ተደንግጓል። የዚያ አገር ሕዝብ አብዛኛው ነጭ በመሆኑ ትምህርቱ ተገቢ ነበር። የእኛ ልጆች ቆዳ ግን ሜላኒን የተባለው ቀለም በብዛት ስላለው ፍጹም ባይሆንም ጠንካራ መከላከያ አለው። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ከቀትር ንዳድ መጠለል፣ ውሃ መጠጣትና ዓይንን መጠበቅ ነው። አንድ ዓይነት ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የጽሑፉም ዋና ጉዳይ እርሱ ነው።

ቀለም አልባው ልጅ

አልቢኒዝም ያለበት ልጅ የሚወለደው ሁለቱም ወላጆቹ፣ ራሳቸው ጥቁር ቆዳ ቢኖራቸውም፣ በውስጣቸው የተሸሸገውን የዘር ባሕርይ ሲያወርሱት ነው። እንዲህ ያሉ ወላጆች በሚወልዱት በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ይህ የመድረሱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ሁኔታው ለምጽ አይደለም፤ አይጋባም፤ የእናት በደልም አይደለም። በግእዝ ብቻ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ኖኅ ሲወለድ ስለ ነበረው ያልተለመደ ንጣት ይተርካል። አባቱ ላሜህ ደንግጦ ልጁ የእርሱ መሆኑን መጠራጠሩን፣ በመጨረሻም በእውነት የእርሱ ልጅ መሆኑ እንደ ተነገረው ያወሳል። አርኖልድ ሶርስቢ የተባሉ የዓይን ሐኪም በ1958 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ይህን ታሪክ ከአልቢኒዝም ጋር አያይዘውታል። ትርጓሜው ለክርክር ክፍት ቢሆንም፣ የአባት ድንጋጤና የእናት መታማት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆኑ ያስገነዝባል።

የዚህ ልጅ ቆዳ ሜላኒን የለውም ወይም ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ዓይኑም ብርሃን አይችልም፤ አርቆም አያይም። ናይጄሪያዊው የቆዳ ሐኪም ኦኮሮ በ1975 ከአንድ ሺህ በላይ አልቢኒዝም ያለባቸውን ሰዎች አጥንተው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ20 ዓመት በላይ ከሆናቸው መካከል ከቆዳ ካንሰር ወይም ከካንሰር ቀዳሚ ምልክቶች ነፃ የሆነ እንዳላገኙ ገልጸዋል። የዚህ ግኝት ትርጉም ለመምህራን ከባድ ነው። ጉዳቱ የሚጠራቀመው ከ20 ዓመት በፊት፣ ማለት በልጅነትና በትምህርት ዘመን ነው። ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ሊከላከለው የሚችለው ወላጅና መምህር ነው።

የሚያሳዝነው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሳያውቀው የጉዳቱ ምክንያት መሆኑ ነው። የጠዋት ሰልፍ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ የግቢ ጽዳትና የችግኝ ተከላ የሚካሄዱት በሜዳ ነው። ትምህርት በሁለት ፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ የፈረቃው ለውጥ ቀትር ላይ ስለሚውል፣ የጠዋቱ ተማሪ ሲመለስ የከሰዓቱም ሲመጣ በብርቱው ፀሐይ ይጓዛሉ። በክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ቀለም አልባ ልጅ ጥቁር ሰሌዳውን ስለማያይ ሰነፍ ይባላል። በቀለሙም ይዘበትበታል። እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወደ እርሻና ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳል። ያም ማለት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋል ነው። ስለዚህ ለእርሱ ትምህርት ማቋረጥ የዕድሜ ጉዳይ ይሆናል።

በትምህርት ቤት ሊደረግ የሚቻለው

አብዛኛው ሥራ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና እጅጌው ረዥም ልብስ ለዚህ ልጅ በግቢና በክፍል እንዲፈቀድለት ርእሰ መምህሩ ሊወስን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከፊተኛው መቀመጫ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሰሌዳውንም ቀርቦ እንዲያነብ ይፈቀድለት። ሦስተኛ፣ ሰልፍና ስፖርት በማለዳ ወይም በጥላ ሥር ይሁኑ። አራተኛ፣ በፈረቃ ለውጥ ጊዜ ፀሐዩ እስኪበርድ በጥላ ይቆይ። አምስተኛ፣ የማይድን ቁስል ወይም ሻካራ ጠባሳ ፊቱ ላይ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጠቃሚ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው፤ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ለዚሁ ዓላማ በአገር ውስጥ መመረቱ ለእቅድ አውጪዎች ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

ለሁሉም ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ በጥላ መለካት ሊጀመር ይችላል። አንድ ሜትር ዘንግ በግቢው ተተክሎ ጥላው በየሰዓቱ ይለካ። ጥላው ከዘንጉ ባጠረ ጊዜ ጨረሩ ብርቱ ነው። በጎጃም በበጋው መገባደጃ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ሒሳብ፣ ሳይንስና ጤና በአንድ ዘንግ ይማራሉ። ልጆቹም ጓደኛቸው ባርኔጣ የሚደፋው ለምን እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ይረዱታል።

መደምደሚያ

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ጁን 13 ቀን፣ ማለት ሰኔ 6 ቀን፣ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኖ ከ2015 ጀምሮ ይከበራል። አዋጁና ቀኑ የሚፈጸሙት ግን በየክፍሉ ነው። ጃንጥላ በቀድሞው ዘመን የሚዘረጋው በማዕረግ ነበር። ትምህርት ቤት ጥላውን ሲዘረጋ ግን መለኪያው የልጁ ፍላጎት ሊሆን ይገባል። የጠዋት ፀሐይ የሚያስፈልገው ሕፃን ፀሐዩን፣ ጥላ የሚያስፈልገው ልጅ ጥላውን ያግኝ።