ጌታነህ ከበደ በጆሃንስበርግ፦ «ተመልሶ ሄደ» የተባለው ልጅ

ጄፒ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ እግር ኳስ ሲዞር፣ የጌታነህ ከበደ ስም ከተነሳ «እሱማ አልሆነለትም፣ ተመልሶ ሄደ» የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር ለኔ አይዋጥልኝም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን ነገሩን ከመነሻው እንየው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጌታነህ በ1992 ዲላ ተወለደ፤ በወጣትነቱም በደደቢት ጎል አግቢነቱ ታወቀ። በጥር 2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትደርስ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበር። ውድድሩ የተካሄደው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ በመሆኑ፣ ስንቱ ወገን ሱቁን ዘግቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኔልስፕሩት ገባ። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው 1 ለ1 ወጣን፤ ጎሉ የአዳነ ግርማ ነበር። ከዚያ በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ0፣ ናይጄሪያ 2 ለ0 አሸንፈውን ተሰናበትን። ያን ሰሞን ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሶ መንገድ መውጣት ሠርግ እንደመሄድ ነበር።

ሰኔ 16 ቀን 2013 ደግሞ ተራው የጌታነህ ሆነ። ቀኑ በዚህ አገር የ1976ቱ የሶዌቶ ተማሪዎች የሚታሰቡበት የወጣቶች ቀን ነው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ባፋና ባፋና አዲስ አበባ ስታዲየም ገብተው በርናርድ ፓርከር ቀድሞ አገባ። ጌታነህ ከእረፍት በፊት አቻ አደረገ፤ ከእረፍት በኋላ ያው ፓርከር በራሱ ጎል ላይ አስቆጠረና 2 ለ1 አለቀ። በሎኬሽን ሱቅ ያለው ወገናችን ግን ደስታውን በሆዱ ይዞ ማምሸት ነበረበት፤ ጎረቤቱም ደንበኛውም ተሸናፊ ነዋ! (ቡድናችን በቦትስዋና ጨዋታ የማይገባውን ተጫዋች በማሰለፉ 3 ነጥብ ቢቀነስበትም ምድቡን በመሪነት ጨረሰ፤ ወደ ብራዚል እንዳይሄድ ያገደው ናይጄሪያ ነው።)

ከዚያ ጨዋታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቢድቬስት ዊትስ አስፈረመው። ዕድሜው 21 ነበር። ዊትስ በ1921 በዩኒቨርሲቲው የተመሠረተ ክለብ ሲሆን፣ ሜዳው ከጄፒ በእግር የሚደረስበት ብራምፎንቴን አጠገብ ነው። አሠልጣኙ ጋቪን ሀንት ሱፐርስፖርት ዩናይትድን ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገና በዚያው ዓመት ወደ ዊትስ የመጣ ሰው ነው። ለኢትዮጵያ አጥቂም ይህ አገር አዲስ አልነበረም፤ ፍቅሩ ተፈራ ቀደም ብሎ በኦርላንዶ ፓይሬትስና በሱፐርስፖርት ተጫውቷል። ያ ፍቅሩ በጥቅምት 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው ነው።

ጌታነህ በዊትስ ቋሚ ቦታ ማግኘት ከበደው። እኔ እንደማየው የዚህ አገር ሊግ ጉልበትና ሩጫ ይበዛበታል፤ እኛ ያደግንበት ኳስ ደግሞ አጭር ቅብብል ነው። ለፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ክለብ በውሰት ተሰጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም አገሩ ገባ። ጄፒ ላይ ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል።

ልጁ ግን አላለቀም። በ2016/17 ለደደቢት 25 ጎል አግብቶ ዮርዳኖስ አባይ ለረጅም ዓመታት ይዞት የነበረውን የ24 ጎል ሪከርድ ሰበረ። ዊትስ በበኩሉ በ2020 ለሌላ ክለብ ተሸጦ ከሊጉ ስሙ ጠፋ። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ ኢትዮጵያ ዳግም ለአፍሪካ ዋንጫ ስትቀርብ ጌታነህ አምበሏ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት 4 ለ0 ያሸነፈንን ቡርኪና ፋሶን 1 ለ1 ስንለያይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ያገባው እሱ ነው።

ሪከርዱን ደግሞ በ2021 አቡበከር ናስር በ29 ጎል አሻሻለው። አቡበከርም በ2022 ለማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈርሞ ወደዚሁ አገር መጣ።