ከሜዳልያ ወደ ምስክርነት፦ የአሊ ሬይዝማን ታሪክና የልጆች ጥበቃ

የስፖርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚዘረዘረው የሜዳልያ ብዛት ነው። ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሜዳልያው የተገኘበት ሥርዓት ልጆችን እንዴት ይይዝ እንደነበር መመርመር ነው። የአሜሪካዊቷ ጂምናስቲከኛ የአሊ ሬይዝማን ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሬይዝማን በ1994 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደች። በ2012 በለንደን፣ በ2016 ደግሞ በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተካሄዱት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች የአገሯን የሴቶች ቡድን በአምበልነት መርታ 3 የወርቅ፣ 2 የብርና 1 የነሐስ ሜዳልያ ተሸልማለች።

ነገር ግን በዚያው ዘመን የብሔራዊው ቡድን ሐኪም ላሪ ናሳር በሕክምና ስም በልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም ነበር። ድርጊቱ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ልጆቹ ታላላቆቻቸውን ያለ ጥያቄ እንዲታዘዙ ሆነው አድገዋል፤ ወላጆች ወደ ብሔራዊው ማሠልጠኛ ሰፈር እንዲገቡ አይፈቀድም ነበር፤ አቤቱታው የደረሳቸው ክፍሎችም ፈጥነው አልተንቀሳቀሱም። ጉዳዩ በ2015 ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከቀረበ በኋላ እንኳ ሐኪሙ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራውን ቀጥሏል።

በ2016 ሬቸል ዴንሆላንደር የተባለች የቀድሞ ጂምናስቲከኛ ስሟን ገልጣ በጋዜጣ ተናገረች። በ2017 ሬይዝማንም የደረሰባትን ለሕዝብ አስታወቀች። በጃንዋሪ 2018 ከ150 የሚበልጡ ሴቶች ቃል በተሰማበት የሚሺጋን ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ወንጀለኛውን ፊት ለፊት ከመውቀስ ባሻገር የስፖርቱ ማኅበርና የኦሊምፒክ ኮሚቴው በነጻ አካል እንዲመረመሩ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱም ናሳርን ከ40 እስከ 175 ዓመት በሚደርስ እሥራት ቀጣው።

በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ በብሔራዊ የስፖርት ማኅበራት ሥር ከልጆች ጋር የሚሠሩ አዋቂዎች የጥቃት ጥርጣሬ ሲያድርባቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ አስገደደ። በ2021 ሬይዝማን ከሲሞን ባይልስ፣ ከማኬይላ ማሮኒና ከማጊ ኒኮልስ ጋር በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ የምርመራ ቢሮውን ቸልተኝነት አስረዳች። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት ለተጎጂዎቹ 138.7 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የአንድ ጥፋተኛ መቀጣት ብቻውን ልጆችን እንደማይጠብቅ ነው። አቤቱታ ሰሚው፣ ጉዳዩ ተሸፍኖ ቢቀር ከሚጠቀመው ክፍል የተለየ መሆን ይገባዋል። ለወላጅ በሩን የሚዘጋ ማሠልጠኛ ወይም ትምህርት ቤት፣ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ ሊመረመር ይገባዋል። ታዛዥነትን የምናስተምረው ልጅ፣ ያልተገባ ነገር ሲደርስበት እምቢ ማለትንና ለሌላ ሰው መናገርን አብሮ ካልተማረ፣ ትምህርቱ ጎደሎ ነው።