የጉሮሮ ዘበኛ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራ የሳበ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ትን ይለዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ብዙ ልጅ እዚያው ላይ ይተወዋል። ያ ሳል ሰውነት በሩ ላይ ያቆመው ዘበኛ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ታሪክ፣ በተለይ ወጣቶችን በሚመለከተው ምዕራፍ፣ ይህ ዘበኛ እንዴት እንደተባረረ የሚናገር ታሪክ ነው። (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ ጭስ አልባ ሲጋራ ሠርቶ በ1965 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ ገበያ ላይ ግን አልዋለም። ዛሬ የምናየውን ቬፕ መንገድ ያስጀመረው ቻይናዊው የፋርማሲ ባለሙያ ሆን ሊክ ነው፣ በ2003። ሰውየው ራሱ ከባድ አጫሽ ነበር፤ አባቱም የሞቱት በሳንባ ካንሰር ነው። የፈለገው ትንባሆ ሳይቃጠል ኒኮቲኑን ማግኘት ነበር። ለአጫሽ አዋቂ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው የሲጋራ መርዝ የሚመጣው ከቃጠሎው ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ቬፖች ግን አንድ ችግር ነበረባቸው። በፈሳሹ ውስጥ ኒኮቲኑ ሲበዛ ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ መጠኑ ዝቅ ማለት ነበረበት። ዘበኛው ገና ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ2005 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄምስ ሞንሲስ እና አዳም ቦወን የሚባሉ ሁለት የዲዛይን ተማሪዎች ሲጋራን የሚተካ መሣሪያ ለመመረቂያ ሥራቸው አቀረቡ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ጁል ገበያ ላይ ወጣ። ቁልፉ ኬሚስትሪ ነበር። ኒኮቲኑ ላይ ቤንዞይክ አሲድ ሲጨመር ጨው ይሆንና ማቃጠሉን ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ማስገባት ተቻለ፤ የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ጣሪያ 20 ነው። አንዷ ትንሽ ካርትሪጅ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን እንደያዘች ኩባንያው ራሱ ይናገር ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ ጥሩ ምርት ማለት ተጠቃሚው መሐል ላይ የሚሰናከልበት ነገር የሌለው ማለት ነው። አንድ ደረጃ ስንቀንስ እናጨበጭባለን። በዚህ መለኪያ ጁል እንከን አይወጣለትም፦ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፣ ፍላሽ ይመስላል፣ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ቻርጅ ይደረጋል፣ የማንጎ ጣዕምም ነበረው። ችግሩ፣ ከተቀነሱት ደረጃዎች አንዱ ልጁን ሲጠብቀው የኖረው ሳል መሆኑ ነው።

ውጤቱ ለመታየት ጊዜ አልፈጀም። በአሜሪካ በ2017 ባለፉት 30 ቀናት ቬፕ የተጠቀሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 11.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2018 ወደ 20.8፣ በ2019 ወደ 27.5 በመቶ ወጡ። በዚያው በ2019 የሳንባ ሕመም ተቀሰቀሰና እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገባ ወይም ሞተ፤ ሟቾቹ 68 ነበሩ። የዚያ ዋና ተጠርጣሪ ግን በካናቢስ ቬፕ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት እንጂ ኒኮቲኑ አልነበረም። ዜናው ሲበርድ ብዙ ሰው አደጋው ያለፈ መሰለው። ዝም ብሎ የሚሠራው ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ያድጋል፤ በዚህ ጊዜ ኒኮቲን ትኩረትን፣ ትምህርትን፣ ራስን መግዛትን ይነካል፤ ሱሱም ቶሎ ይይዛል።

በ2020 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ጣዕም ካላቸው ካርትሪጆች አብዛኞቹን ከለከለ፤ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ቬፖች ግን ተወ። ልጆቹም ወደዚያ ዞሩ። ቢሆንም ቁጥሩ እየወረደ በ2024 7.8 በመቶ ደርሷል። ሕግና ትምህርት ይሠራሉ ማለት ነው፣ ቀዳዳ ካልተተወ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ቀድማ ከልክላለች። ዕቃው ግን ከፍላሽ አይበልጥም፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ ያልፋል።

ስለዚህ ታናናሾቻችን «እንፋሎት ነው እኮ፣ አያስልህም» ሲሉ ይህን ታሪክ መንገር ይሻላል። የማያስለው ጉዳት ስለሌለው አይደለም። እንዳያስል ተደርጎ ስለተሠራ ነው።