ኮላዶን ክፍል ሲቀይር ያመለጠችው መርፌ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ጽሑፍ በተለይ የእናንተ ናት። መጨረሻዋ ላይ አንድ ይቅርታ አለ።

ኢንዳክሽን የተማርንባትን ቀን ታስታውሳላችሁ? አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ማግኔት፣ አንዲት አሮጌ ጋልቫኖሜትር። ማግኔቱን ስናስገባ መርፌዋ ወደ አንድ ጎን ትዘላለች። ማግኔቱ ውስጥ ቆሞ ሲቀር ወደ ዜሮ ትመለሳለች። ስናወጣው ደግሞ በተቃራኒው ትዘላለች። ዓይኑን የጨፈነ አመለጠው ማለት ነው።

ይህችን ዝላይ ለማየት ግን ታላላቅ ሰዎች 11 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስትድ ከረንት ያለፈበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ታዲያ ኤሌክትሪክ ማግኔትን ከወለደ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ አይወልድም ወይ? ብዙዎች ይህን ጥያቄ ይዘው ተነሡ።

በ1825 ጄኔቭ ላይ ዣን-ዳንኤል ኮላዶን የተባለ ወጣት ልክ እኛ ክፍል ውስጥ የሠራነውን ሠራ። ጠንቃቃ ነበርና፣ ማግኔቱ መርፌዋን በቀጥታ እንዳይስባት ብሎ ጋልቫኖሜትሩን ሌላ ክፍል አስቀመጠና በረጅም ሽቦ አገናኘው። ማግኔቱን ጥቅሉ ውስጥ ከተተና ሊያይ ሄደ። ሲደርስ መርፌዋ ዜሮ ላይ ናት! የሚያይለት አንድ ሰው እዚያ ቢያስቆም ኖሮ ዛሬ የምናነሳው ስም የእሱ ይሆን ነበር።

ፋራዳይም ቢሆን በመጀመሪያ ሙከራዎቹ አልተሳካለትም። የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ መጽሐፍ እየጠረዘ ያደገ፣ ሒሳብ ብዙም ያልተማረ። ነሐሴ 29 ቀን 1831 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ በሌላኛው በኩል ያለችው መርፌ ዘላ ተመለሰች። ሲያላቅቀውም እንዲሁ። ሌላ ሰው «ተነካክታ ነው» ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን አልናቃትም። በጥቅምት ወር ማግኔት በእጁ እያስገባና እያወጣ ነገሩን አረጋገጠ። ሚስጥሩ የማግኔቱ መኖር ሳይሆን ለውጡ ነው። ዛሬም ግድቦቻችን ላይ ውኃው ተርባይኑን ካላሽከረከረ መብራት የለም።

አሁን ወደ ይቅርታው። አንድ ዓመት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ማግኔቱ እዚያው እያለ ለምንድን ነው ወደ ዜሮ የምትመለሰው?» አለኝ። ፈተና ደርሶ ነበር። «ሰዓት የለንም፣ ፎርሙላውን ጻፍ» አልኩት። የዚያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ትልቁ ነገር የእሱ ጥያቄ ነበር እኮ! እኔም እንደ ኮላዶን ሌላ ክፍል ነበርኩ።

ልጄ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። የምታስተምሩ ደግሞ ጋልቫኖሜትሯን ልጆቹ መሃል አስቀምጧት። ማግኔቱን እነሱ ይያዙት። ወደ ዜሮ ስትመለስ ዝም በሉና ጥያቄውን ጠብቁ።